በእስፒል መሃል የወጣ አሚን

ፈይሩዝ ኢስሐቅ ሊቀመንበር የሆነችው ወንበሩ የእሷ ስለነበረ ነው። ይህን የምትለው ራሷ ናት። የቀይ አፋፍ መሬት ጠባቂዎች ማኅበር ሲቋቋም መሥራቾቹ መርሳ ከተማ ውስጥ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቤት አጡ። የእሷ የልብስ ስፌት ቤት ደግሞ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት ሁለት አግዳሚና አንድ ደህና የእንጨት ወንበር ነበረው። ሽማግሌዎቹ አግዳሚዎቹን ያዙ። ወንበሩ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ እሷ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ስብሰባውን የምትሰማው መኪናዋ ጸጥ ስትል ብቻ ነው። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም ራሱን ለመጠቆም አልደፈረም፣ በመጨረሻም ዓይን ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«እንግዲህ እዚያ ላይ ያለችው ትሁን» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሸህ ጁነይድ።

ፈይሩዝ ስለ ማን እንደሚወራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር።

«እሺ» አለች።

እሺ ማለት በሽታዋ ነው። በዒድ ዋዜማ የሚመጡትን ደንበኞች ሁሉ «እሺ፣ ነገ ውሰጂ» ትላለች፤ ነገ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሷም አንድ ብቻ ናት። መርሳ ውስጥ ሴቶች የዒድ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሳይሆን ፈይሩዝ ዘንድሮ ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሊሰሙ ይሄዳሉ ተብሎ ይቀለዳል። ቀልዱን የፈጠረችው እሷ ናት። ሰው ሳይቀድማት በራሷ ላይ መሳቅ የለመደችው ከልጅነቷ ነው፤ ቀድሞ የሳቀ ሰው የሚጎዳው ትንሽ ነው ብላ ታምናለች።

ቀይ አፋፍ ከመርሳ ወደ ግራና ሲኬድ ከሩቅ የሚታይ ተራራ ነው። እሷ ልጅ በነበረችበት ጊዜ እንደ ተላጠ ጉልበት ቀይና ራቁት ነበር። አንድ ክረምት ጎርፉ ድንጋዩን ጠራርጎ ወርዶ የአባቷን የማሽላ ማሳ ቀበረው። አባቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም፤ እናቷም ብዙ ሳትቆይ አረፈች። ፈይሩዝን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ አሚና ናት፤ አሚና ራሷ ያኔ ገና መታቀፍ የሚገባት ልጅ ነበረች። በኋላ ፈይሩዝ መርሳ ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሩ ለሙባረክ ተዳረች፣ ስፌት ተማረች፣ ቤት ያዘች። አሚና ግን ከተራራው ሥር አልተነቃነቀችም። ድንጋዩን እየለቀመች ያንኑ ማሳ እንደገና ማሳ አደረገችው።

ማኅበሩ የተቋቋመው እንግዲህ ተራራው ዳግመኛ ማንንም እንዳይበላ ነው። መሪዎቹ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፣ ያለው ስብሰባና የሰው ወቀሳ ነው። ተራራው ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ሆኖ ተከለለ። መንደሩ በዘመቻ እርከን ሠራበት፣ ግራርና ወይራ ተከለበት። በጦርነቱ ጊዜ መብራቱም ከሰሉም ጠፍቶ ሰው ዛፉን ለማገዶ ሲቆርጠው ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ፈይሩዝ ራሷ የማኅበሩ ሊቀመንበር እያለች በማኅበሩ ግራር ሽሮ ሠርታ በልታለች። «ያን ቀን ጥበቃውን ከውስጥ ነበር የመራሁት» ትላለች። ከዚያ በኋላ እንደገና ከድንጋዩ ጀመሩ። ሣሩ ከዛፉ ቀድሞ ተመለሰ፤ አሁን ክረምት ሲወጣ ጭን ይደርሳል።

የሣሩ ሕግ አንድ ነው። ዘሩን አራግፎ እስኪጨርስ ማንም አይነካውም። ኅዳር ላይ የአጥሩ በር ይከፈታል፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ይገባል፣ አጭዶ በሸክም ይወስዳል፣ ለሁሉም በእኩል ይደርሳል። ኮቴ ግን መቼም አይገባም። ኮቴ አንድ ጠዋት ብቻ ቢገባ እርከኑን ያፈርሳል፣ ዘሩ ያልበሰለውን ሣር ከነሥሩ ይነቅላል፤ የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ደግሞ በቀጥታ የሚወርደው አሚና ማሳ ላይ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ሳይሰናበት ሄደ። ማሽላው ወገብ ሳይደርስ ቀጨጨ፣ የመንደሩ ሜዳ ተግጦ አለቀ፣ የከብቶቹ ጎድን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። በዚህ ሁሉ መሃል የቀይ አፋፍ ሣር በነፋስ ይወዛወዛል። ለመንደሩ ሰው በየጠዋቱ ያንን ማየት ያልተጠሩበትን ሰርግ በአጥር ቀዳዳ እንደ ማየት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ አሚና ወደ ስፌት ቤቱ ገባች። ፈይሩዝ ተንበርክካ የቅቤ ነጋዴዋን የማሚቴን ቀሚስ ጫፍ ትለካለች፤ ማሚቴ ሰፊ ሴት ናት፣ እስፒሎቹም ብዙ ናቸው፣ ሁሉም በፈይሩዝ ከንፈሮች መሃል ተደርድረዋል።

«ዳለቻ ትናንት ተነሺ ብላት እምቢ አለችኝ» አለች አሚና፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ። ዳለቻ ያለቻት አንድ ላም ናት። «ጅራቷን ይዘን ነው ያቆምናት። ጥጃዋ ይጠባል፣ የሚወጣ ነገር የለም።»

«አላህ ያሽርልሽ፣ እታለም» አለች ፈይሩዝ በእስፒሎቹ መሃል።

«አላህማ ያሽራል። ሣሩ ግን ያለው አንቺ ዘንድ ነው።»

«የኔ አይደለም እኮ፣ የማኅበሩ…»

«ማኅበሩ ማነው? እዚህ ቤት ስገባ ከአንቺና ከማሚቴ በቀር ሌላ ሰው አላየሁም።»

«እኔን አትቁጠሩኝ» አለች ማሚቴ፣ እጆቿን እንደ ዘረጋች።

«በጀርባዬ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አሁን በር ትዘጊብኛለሽ?»

ፈይሩዝ ለዚህ ቀን ቃል አዘጋጅታ ነበር። ስለ ዘሩ፣ ስለ እርከኑ፣ ስለ አሚና የራሷ ማሳ፣ ሁሉንም በልቧ በሚገባ ትችለዋለች። ለመናገር ግን እስፒሎቹን ማውጣት ያስፈልጋል፤ እስፒሎቹን ለማውጣት የያዘችውን ጫፍ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ከተለቀቀ ደግሞ የማሚቴ ቀሚስ እንደገና ሊለካ ነው። ይህን ስታወጣ ስታወርድ አሚና መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች።

በዚያ አገር መዳፍ ሲዘረጋ ያየ ሰው ሁሉ መዳፉን ይዘረጋል፣ አፉም ለራሱ ሳይነግረው አሚን ይላል።

«ያ አላህ፣ ይህችን ልጅ ከክፉ ዓይን ጠብቅልኝ።»

«አሚን።»

«እጇን የበረከት እጅ አድርግላት።»

«አሚን።»

«ሙባረክን ከመንገድ አደጋ ሰውረው።»

«አሚን» አለች ፈይሩዝ። እዚህ ላይ ልቧ ወደ ቀሚሱ ተመልሶ ነበር፤ የግራው ጫፍ ዝቅ ብሎባታል።

«ሰኞ ጠዋት የቀይ አፋፍን በር በእጇ ክፈትልን፣ ከብቶቻችን ይግቡ።»

«አሚን።»

አሚና ፊቷን በመዳፎቿ ዳበሰች፣ «አላህ ይስጥሽ» አለች፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ወጥታ ሄደች። እንደዚያ ፈጥና ስትሄድ ፈይሩዝ አንድ ነገር ጠረጠረች። እስፒሎቹን አወጣች።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ሰኞ በሩን ትከፍቺላታለሽ። ከብት ይገባል።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አሚን አልሽ» አለች ማሚቴ። «እኔም ብያለሁ። እኩል ነው ያልነው፤ እንዲያውም ያንቺ ትንሽ ቀደም አለ።»

አገሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእነ ፈይሩዝ ዘንድ ግን በአሚን ነፍሰ ገዳይ ይታረቃል፣ በአሚን ልጅ ይዳራል፣ በአሚን የተካለለ ድንበር ማንም አይገፋውም። የተጻፈ ነገር ቢጠፋ ሌላ ይጻፋል። አሚን ያለ ሰው ግን ብሏል፤ «አልሰማሁም ነበር» የሚል ሰው አይታ አታውቅም። የመጀመሪያዋ እሷ ልትሆን ነው።

በማግሥቱ የተራራው ጠባቂ ሞላ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«በሩ ሰኞ ይከፈታል እንዴ?» አለ። «መንደሩ ሁሉ ሊቀመንበሯ አሚን ብላለች እያለ ነው። የአሚና ላም ከገባች የእኛም ይገባል ብለዋል። የታችኛው መንደርም ሰምቷል።»

«ስንት ከብት ይሆናል?»

«የቀረ ከብት ያለ አይመስለኝም።»

ፈይሩዝ ለአሚና ስልክ ደወለች። ከመደወሏ በፊት የምትለውን ጮክ ብላ ሦስቴ አጥንታ ነበር። አሚና ስታነሳ ግን ስለ ዳለቻ ጤና ጠየቀች፣ ስለ ጥጃዋ ጠየቀች፣ ስለ ጎረቤቶቿ ጠየቀች፣ «እሺ እታለም፣ ደህና ሁኚ» ብላ ዘጋች። ሞላ ካፖርቱን አስተካክሎ ሄደ።

ጋሼ ሀጎስ ቅዳሜ ከወልዲያ መጡ። ወልዲያ ላይ የብረታ ብረት መደብር አላቸው፤ ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ወደ ማኅበሩ የመጡት ጎርፍ ለሚገታው የድንጋይ ክትር ማሰሪያ ሽቦ ሊሸጡ ነበር፤ ተራራውን አይተው ሽቦውን ትተው ሄዱ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ መጥተው ራሳቸውም አባል ሆነው ቀሩ። ዛሬ ምክትል ሊቀመንበር ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሺ ብለሽ ነው?»

«አሚን ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ከእሺም ይብሳል። እኛም ዘንድ አሜን ካልሽ አለቀ።» ኮፍያቸውን አውልቀው አሰቡ። «ታምሜያለሁ በይና ተኚ።»

«ታምሜያለሁ ካልኩ መንደሩ በሙሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል። አልጋ ላይ ሆኜ ለእያንዳንዱ እሺ እላለሁ።»

«በይ እምቢ ማለት እንለማመድ። እኔ በቀን ስንቴ ዋጋ ቀንስ እባላለሁ፤ ዘዴው ቀላል ነው፤ የሚናገረውን ሰው ግንባር እያየሽ ዝም ማለት ነው። አሁን እኔ አሚና ነኝ።» ጋሼ ሀጎስ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ በሩን ክፈቺ።»

ፈይሩዝ ግንባራቸውን አየች። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፤ ከመናኸሪያ በእግራቸው ነው የመጡት። አዘነችላቸው።

«እታለም… ሣሩ እኮ…»

«ፍየሎቹም ይግቡ።»

«እሺ» አለች ፈይሩዝ።

ጋሼ ሀጎስ ነጠላቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉ። «ተነሺ፣ ሸህ ጁነይድ ዘንድ እንሂድ» አሉ። «ይኼ በእኔ አቅም አይደለም።»

ሸህ ጁነይድ የሚኖሩት ግራና ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ እስፒሎቹ ጋ ሲደርስ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አባባ፣ አሚን ይመለሳል?» አለች ፈይሩዝ።

«ምኑን ነው የምትመልሺው፣ ልጄ? ሄዷል እኮ።»

«ሳላውቅ ነው ያልኩት።»

«እኛ ስንቱን እያወቅን አልን?» ሸህ ጁነይድ መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። «ዱዓ አይሻርም። በዱዓ ላይ ግን ዱዓ ይደረጋል። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ እገኛለሁ።»

ፈይሩዝ ወደ መርሳ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ተነፈሰች። ነገሩ ገብቷታል። ሸህ ጁነይድ ይናገራሉ፣ እሷ ከኋላቸው ትቆማለች፣ ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ትሸፈናለች። እንዲያውም የትኛውን ሂጃብ ብትለብስ ከጋቢያቸው ጋር ተመሳስላ እንደማትታይ አሰበች።

ሰኞ ጠዋት ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ በከብት ሞልቶ ነበር። ከብቶቹ አይጮኹም፤ ለመጮህም ጉልበት ይጠይቃል። ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ሣሩ አዙረዋል። የእሾህ አጥሩ መሃል የእንጨት በር አለ፣ በሩ ላይ ጋሼ ሀጎስ ከመደብራቸው ያመጡት ቁልፍ አለ፣ መክፈቻው በፈይሩዝ ቦርሳ ውስጥ ከክር ማጠንጠኛ ጋር ተጠላልፏል። አሚና ከፊት ቆማለች። ዳለቻን በገመድ ይዛታለች፤ የተደገፈችው ግን ዳለቻ ናት፣ ሙሉ ጎኗን በአሚና ትከሻ ላይ ጥላለች።

ሸህ ጁነይድ መጡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። ፈይሩዝ ከጀርባቸው ቦታዋን ያዘች።

«ዱዓ እናድርግ» አሉ። ከዚያም ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። «በሩ በእጇ እንዲከፈት ነው የተለመነው። ታዲያ ባለ እጇ እያለች እኔ ምን አገባኝ? አድርጊ፣ ልጄ።»

የተራራ ነፋስ ድንገት ያገኛት ይመስል ፈይሩዝ ሂጃቧን ያዘች። በሴቶች መሃል ዱዓ አድርጋ ታውቃለች፤ እሱም ቢሆን ሌላዋ ስትለምን ከኋላ አሚን ማለት ነበር ሥራዋ። አሁን ሜዳው ሙሉ ሰው መዳፉን ዘርግቶ አፏን ያያል። ጋሼ ሀጎስ ሩቅ ቆመው በጣታቸው ግንባራቸውን ያሳዩዋታል። ግንባር ማየቱ ለዚህ ምን እንደሚረዳ አልገባትም።

መዳፎቿን ዘረጋች።

«ያ አላህ፣ ለሰጠኸን ምስጋና ይግባህ።»

«አሚን» አለ ሜዳው።

«ሙታኖቻችንን ማርልን።»

«አሚን።»

«የታመመውን አሽርልን። መንገደኛውን በሰላም መልስልን።»

«አሚን። አሚን።»

ሁለተኛው አሚን ስለ መንገደኛው ተናግራ ሳትጨርስ ነው የመጣው። ፈይሩዝ ቀና ብላ አየች። አንዱ ሰውዬ አሚን እያለ የበሬውን ጆሮ ይፈትሻል። አንዷ ሴት አሚን እያለች ከጎረቤቷ ጋር ስለ ጤፍ ታወራለች። የሰዉ አፍ ከጆሮው ቀድሞ እየሄደ ነው። ይህን በሽታ ታውቀዋለች። በዚህ በሽታ ላይ በመላው ሐብሩ ወረዳ ከእሷ የበለጠ ሐኪም የለም።

«ይህን ሣር ዘሩን እስኪያራግፍ ከኮቴ ጠብቅልን» አለች፣ በዚያው ድምፅ።

«አሚን» አለ ሜዳው በሙሉ።

የአሚና ድምፅ ከመሃሉ ለብቻው ተሰማት።

«ምን አለች?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላው ሹክ አለው። ሹክሹክታው ከኋላ ወደ ፊት እየመጣ፣ እየመጣ፣ አሚና ጋ ደረሰ። አሚና ቀስ ብላ ቀና አለችና እህቷን አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ፈይሩዝ ትችለው ነበር። የነበረው ግን ድካም ነው።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ፊቱን ዳብሶ በጨረሰ ነበር። ሸህ ጁነይድም መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ማንሣት ጀምረው ነበር። ፈይሩዝ ግን ዳለቻን አየች። ላሟ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የአሚና ትከሻ ባይኖር ትወድቃለች። የፈይሩዝ አፍም እንደ ልማዱ እሷን ሳያማክር ቀጠለ።

«ዳለቻን ከነጥጃዋ በቤቴ አኑርልኝ። መርሳ፣ በጓሮዬ። ሣሩ እስኪታጨድ መኖዋን በእጄ አድርገው።»

ከዚያ «አሚን» አለች አሚና፣ ጮክ ብላ፤ በዚህኛው ላይ ጆሮዋ ቀድሞ ደርሷል።

ሰዉም ነቃ። «የኔስ በሬ?» አለ አንዱ። ሸህ ጁነይድ ወደ ፊታቸው ያነሡትን መዳፍ መልሰው ዘረጉት። «ያ አላህ፣ የደከሙትን ከብቶች በማኅበሩ መሪዎች ቤት አስጠጋልን፣ ለእያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አድርስላቸው።» ሜዳው በአሚን ተናወጠ። ጋሼ ሀጎስ ከሩቅ ሆነው «አሜን» ብለው ነበር፤ ምን እንዳሉ የገባቸው አንድ ሰው የበሬ ገመድ እጃቸው ላይ ሲያኖርላቸው ነው።

ሰው ሲበተን ፈይሩዝ ሸህ ጁነይድን ወደ ጎን ጠራቻቸው።

«አባባ፣ አታለልኳቸው እንዴ?»

«ጆሮ ለእነሱም ተሰጥቷቸዋል፣ ልጄ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ላሟን ባትጨምሪ ኖሮ ግን እቀየምሽ ነበር።»

ነገሩ በዚህ ሁሉን አስደስቶ አላለቀም። ባለ ብዙ ከብት የሆነ አንድ ሰው ቁልፉን በድንጋይ ሰብሮ ሊገባ ሲል ጎረቤቶቹ ያዙት፤ «እኛ አሚን ብለናል፣ አንተም አጠገባችን ነበርክ» አሉት። እስከ ዛሬ ፈይሩዝን ሰላም አይላትም። በዚያ ጥቅምት መንደሩ ውስጥ ሁለት ከብቶች ሞቱ። ፈይሩዝ በሁሉም ነገር ትቀልዳለች፣ በእነሱ ግን አትቀልድም።

ዳለቻ በአይሱዙ ተጭና መርሳ ገባች። ሙባረክ ከደሴ ሲመለስ ሞተር ብስክሌቱን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ተኝታ አገኛት።

«ይቺ ማናት?»

«እንግዳ ናት።»

«እስከ መቼ?»

«ሣሩ እስኪታጨድ።»

ሙባረክ ላሟን አየ፣ ሚስቱን አየ። «አሁንም አሚን ብለሽ ነው?»

«አይ፣ ይህኛውን የለመንኩት ራሴ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ መሻሻል አለ» አለና ሞተሩን ወደ ሳሎን አስገባው።

ፈይሩዝ መኖ ፍለጋ ወጣች። ከጭማቂ ቤቶቹ የማንጎና የሙዝ ልጣጭ ሰበሰበች፣ ከአትክልት ተራ የጎመን ቅጠል፣ ከጫት ቤቶቹ ገረባ የሚባለውን የጫት ትራፊ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በኬሻ ገረባ ተሸክማ በዋናው መንገድ ስታልፍ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ሊቀመንበር፣ ስብሰባው ዛሬ በርጫ ያለበት ነው?» ይሏታል። «ቃሚዋ አንድ ናት፣ እሷም አትናገርም» ትላቸዋለች። ገረባ የበላች ዕለት ዳለቻ ጓሮውን ስትዞረው ትውላለች፤ አንድ ጊዜ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ያልተጠናቀቀ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ በላች። ፈይሩዝ ለሙሽራዋ ስለ ላሟ አልነገረቻትም። «ዘንድሮ እጅጌ አጭር ነው የሚለበሰው» አለቻት። ሙሽራዋም «እሺ» አለች። ፈይሩዝ ልጅቷን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራትም።

አሚና በየጠዋቱ ከመንደሯ ትመጣለች፤ ዳለቻ ወተቷ ቢመለስም ለሌላ እጅ አትሰጥም። መጀመሪያ ሰሞን ፈይሩዝን አታናግራትም ነበር። የምታናግረው ላሟን ነው።

«ዳለቻ፣ ያቺ ሴትዮ ትናንት ውሃ ሰጠችሽ?»

«በጊዜ ሰጥቻታለሁ» ትላለች ፈይሩዝ ከበሩ።

«ዳለቻ፣ ሆድሽ ነፋ ብሏል። ያቺ ሴትዮ የሎሚ ልጣጭ አበላችሽ መሰለኝ።»

«ብርቱካን ነው። ትንሽ ነው።»

«ብርቱካን ለላም ይሰጣል እንዴ፣ ዳለቻ? አሳድጌያት ይህን እንኳ አልነገርኳትም?»

ፈይሩዝ በላሟ በኩል በሚመጣው ወቀሳ ትጽናና ጀመር። መርሳ ከገባች ወዲህ እህቷን የምታያት በገበያ ቀን፣ ቆማ፣ ለጥቂት ጊዜ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ትሰደባለች። አንድ ቀን አሚና ወተቱን አልባ ስትጨርስ ግማሽ ኩባያ በሩ ላይ አስቀምጣ፣ «ዳለቻ፣ ይቺ ሴትዮ ከስታለች፣ ትጠጣው» አለች።

ኅዳር ላይ የቀይ አፋፍ ሣር ዘሩን አራገፈ። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ገባ። ጋሼ ሀጎስ የተረከቡትን በሬ ወልዲያ በቆርቆሮ ክምር መሃል አሳድረው አድልበው መልሰውት ነበርና እንደ አሸናፊ ጋቢ ደርበው መጡ። ፈይሩዝም ማጭድ ያዘች፤ ከተማ ከገባች ወዲህ አጭዳ ስለማታውቅ ከሣሩ ይልቅ ነጠላዋን ነው የቆረጠችው። አሚና አጠገቧ ሆና የራሷን ወገን እያጨደች፣ የእህቷንም ወገን ሳትናገር እየጨመረች ሄደች። ከላይ ሲታይ ማሳዋ ከእግራቸው ሥር ነው፤ ድንጋይ የለበትም።

በማግሥቱ አሚና ወደ መርሳ መጣች፣ ዛሬ ገመድ ይዛ። ወደ ላሟ አልዞረችም። ፊቷን ወደ ፈይሩዝ አደረገች።

«ፈይሩዝ፣ ድርሻዬን ሣር ከምሬዋለሁ። ዳለቻን ልውሰዳት።»

ፈይሩዝ ተንበርክካ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ትለካ ነበር። እስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቅ ላይ ሰካቻቸው። ጫፉን ለቀቀችው፤ ደንበኛዋ አጉረመረመች።

«እምቢ» አለች።

ይህ ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቱ ነው፣ እሱም ያለ ቦታው። ላሟ የሰው ናት፣ ሣሩ ደርሷል፣ ሕጉ ከአሚና ጋር ነው፣ ጓሮው በልጣጭ ሸትቷል፣ ሙባረክም ሞተሩን ከሳሎን ማውጣት ይፈልጋል። ፈይሩዝ ጮክ ብላ የምትናገረው አንዲትም ምክንያት አልነበራት።

አሚና ገመዱን እንደ ያዘች ቆመች።

«ታዲያ ሣሩን ምን ላድርገው?»

«በባጃጅ እናመጣዋለን።»

«እኔስ በየጠዋቱ ልመላለስ ነው?»

«አዎ።»

አሚና ጓሮውን አየች። ዳለቻ የሙባረክን ሸሚዝ ከገመዱ ላይ እያወረደች ነበር። አሚና ሄዳ ሸሚዙን ከአፏ ቀማቻት፣ ገመዱን በር ላይ ሰቀለችው፣ ዝቅ ያለችውን በርጩማ በእግሯ ሳበችና ተቀመጠች።

«በይ ማለቢያውን አቀብይኝ» አለች።